በማብሪያው ላይ የተሰቀለው ጋቢ

ሬሳው በመሣሪያ ክፍሉ፣ ከመደርደሪያው ኋላ በጀርባው ተንጋሎ፣ ከአናቱ እስከ ጉልበቱ በገዛ ጋቢው ተሸፍኖ ነበር። ሟቹ ክንዱ ይባላል፤ የቡሬው ማኅበረሰብ ሬዲዮ ቴክኒሻን፣ ያ ጨዋታ አዋቂው ክንዱ። ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ደርሳ ደጁን ስትረግጥ ወሬው ቀድሟት ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ቡሬ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። «ያች ረዳቱ ናት ኤሌክትሪኩን አብርታበት የገደለችው!» ይላል መንገደኛው ሁሉ። አለቃዋም በስልክ፣ «ቸልተኝነት ነው፤ ልጅቱን ይዘሽ ነይ፣ አለቀ» ብሏታል።

«ሳላየው የሚያልቅ ነገር የለም» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየች። የክንዱ ቀኝ መዳፍ ጠቁሯል። ከጀርባው ስር ባዶ ሲሚንቶ ብቻ ነው። የጋቢው አንድ ወገን ገና ያልደረቀ አረንጓዴ ቀለም ነክቶታል። መልሳ ሸፈነችው።

በጣቢያው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ላቀው፣ ረዳት ቴክኒሻኗ አምለሰትና ሽማግሌው ዘበኛ አያ ቢሆነኝ። አምለሰትን ከመሣሪያ ክፍሉ በመስተዋት በተለየው ስቱዲዮ ውስጥ አገኘቻት። የልጅቱ ዓይን በልቅሶ አብጧል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«አጠፋሁ በይ አሉኝ፤ አልልም! ከፈለጋችሁ እሰሩኝ። ያልነካሁትን ነካሁ ብዬ ከክንዱ ጋር አልጣላም።»

«እኔ በይ ያልሁሽ ነገር አለ? ይልቅ ይህ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ አስረጅኝ።»

«የቡሬን መብራት መቼም ያውቁታል፤ ሲሻው ይደክማል፣ ሲሻው ያብዳል። መደርደሪያው ውስጥ የገጠምነው ሳጥን ያንን እብድ ኃይል ተቀብሎ ያስተካክልና ለመሣሪያዎቹ በየተራ ያድላል። ማብሪያው ግን እዚህ ግድግዳው ላይ ነው። በቀጭን ሽቦ ከሩቅ ያዙታል።»

«ታዲያ ክንዱ ዋናውን ቆጣሪ ሳያጠፋ ለምን እጁን ሰደደ?»

«ዋናው ከጠፋ ማሰራጫውም ይቆማላ! ስለዚህ እዚህ ያጠፋና ጋቢውን ማብሪያው ላይ ይሰቅላል። ጋቢው እዚያ ካለ ማንም አይነካም፤ የቤቱ ሕግ ነው። ዛሬም ግድግዳውን ቀብቼ ሳልጨርስ መጥቶ ሰቀለው። ‹ኧረ ቀለሙ አልደረቀም!› ብለው፣ ‹ጋቢ እንደሆነ ይታጠባል፤ ነፍስ ናት የማትመለሰው› ብሎኝ እየሳቀ ሄደ።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ጩኸቱን ሰምቼ ሮጥሁ። ወድቋል፤ በላዩ ምንም አልነበረም። ወደ ግቢ ወጥቼ ዋናውን አጠፋሁና አያ ቢሆነኝን ጠራሁ። ስንመለስ ጋቢው ላዩ ላይ ነው!»

ሠርክአዲስ ወደ ማብሪያው ጠጋ አለች። እንደጠፋ ነው፤ የአምለሰት ብሩሽ አልፎ እሱንም ቀብቶታል። በቀለሙ ላይ የጋቢው ፈትል ከነድርና ማጉ ታትሟል፤ አንድም ቦታ አልተበላሸም። ከዚያ ቀጭኑን ሽቦ በዓይኗ ተከተለችው። ጣሪያ ጣሪያውን ሄዶ፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ፣ በአቶ ላቀው ቢሮ በኩል ያልፋል።

አቶ ላቀው ከወንበሩ አልተነሣላትም።

«እኔ ከቢሮዬ አልወጣሁም። ዘበኛው ሲጮህ ሰምቼ መጣሁ፤ እሱንም ከበር ላይ ቆምኩ እንጂ አልገባሁም። ክንዱ ጋቢውን ለብሶ ነው የወደቀው፤ ጠዋት ብርድ ነበር። ልጅቷ ዘንግታ አብርታበታለች። ኢንስፔክተር፣ ነገሩን አያራዝሙት። በላይ ያሉትን አውቃቸዋለሁ።»

«እርስዎ በላይ ያሉትን ይወቁ። እኔ እዚያ የተኛውን ልወቀው።»

አያ ቢሆነኝ በር ላይ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል።

«ልጄ፣ በክረምቱ የቀድሞው ዕቃ ሲቃጠል የሰከላና የቋሪት ሽማግሎች የተቀዳ ድምፅ አብሮ ነደደ። ላቀው በእኔ አሳበበ፤ ጀነሬተሩን ያላግባብ አስነሥቶ ነው አለ። አገር ጣቱን ቀሰረብኝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ አፍሬ ቀረሁ። ክንዱ ትናንት ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አያ፣ የተቃጠለውን ሳጥን ፈታሁት። ላቀው በሬዲዮ የሚያሰማው ንግግር እንዳይቋረጥበት፣ ኃይል ሲበዛ የሚቆርጠውን መከላከያ በሽቦ እለፈው ብሎኝ እምቢ ብዬው ነበር፤ ለካ በገዛ እጁ አስሮታል። እሁድ አገር በሚሰበሰብበት ጉባኤ ፊት ስምዎን አጠራለሁ› አለኝ።»

«ይህን ላቀው ያውቃል?»

«ክንዱ ሰውን ከኋላው ያማል እንዴ? ፊት ለፊት ነግሮታል እንጅ!»

ሬሳው ወደ ሆስፒታል ከሄደ በኋላ ሠርክአዲስ የመሣሪያ ክፍሉን አስቆለፈች፤ መብራቱን ከቆጣሪው አስመለሰች፤ ሦስቱንም ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው። ቀለሙ መድረቁን አይታ፣ ከሬሳው ላይ ያስቀረችውን ጋቢ በማብሪያው ላይ ሰቀለችና፣ «ማንም እንዳይጠጋ» አለች። ድንገት ከመስተዋቱ ማዶ ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ። የመደርደሪያው መብራቶች በየተራ በሩ።

«ማርያምን! ማን ነካው?» አለች አምለሰት።

«ማንም አልነካውም። ፖሊሱ ገነነ በአቶ ላቀው ቢሮ የሚያልፈውን ሽቦ አገናኝቶት ነው። ልባሱ ተልጦ፣ ተጠምዝዞ የተፈታበት ምልክት ይዞ አገኘነው። ማብሪያው የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ሁለት ጫፍ ያገናኛል። ስለዚህ የሚያበራ ሰው እዚህ መምጣት አያስፈልገውም።»

«ግምት ነው!» አለ ላቀው።

«ይስሙኝ እንጂ። አምለሰት ማብሪያውን ብትጫነው፣ በጋቢው ላይም ቢሆን፣ በእርጥቡ ቀለም ላይ የታተመው ፈትል ይጨፈለቅ ነበር። እንደነበረ አለ። ክንዱ ለብሶት ቢወድቅ ኖሮ ጋቢው ከጀርባው ስር ይገኝ ነበር፤ ከስሩ ግን ሲሚንቶ ብቻ ነው። ቀለሙም እዚህ ተሰቅሎ እንደነበር ይመሰክራል። ታዲያ ልጅቱ ቆጣሪ ልታጠፋ ስትወጣ፣ አያ ቢሆነኝም ግቢ ውስጥ ሳሉ፣ እዚህ ቤት ማን ቀረ? እርስዎ። ጥፋቱ በእሷ እንዲሆን ጋቢውን ከማብሪያው አነሡት። ይህ ገባኝ። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ወንበር ላይ መጣል ሲችሉ፣ ለምን አለበሱት?»

«ታዲያ ሬሳ ሳይሸፈን ይተዋል እንዴ!» አለ ላቀው በቁጣ።

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የሰማው። ፊቱ አመድ መሰለ። ገነነ ሽቦውን ለያይቶ ካቴናውን ይዞ ገባ።

«ይህችን ታህል ሰውነት ቀርታዎት ነበር» አለች ሠርክአዲስ። «ምነው ጠዋት ባሰቧት!»

ላቀው ሲወጣ አያ ቢሆነኝ ዞር ብለው አላዩትም። እሁድ በጉባኤው ፊት የክንዱን ቃል ራሷ ሠርክአዲስ እንደምትናገር ስትነግራቸው ብቻ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አለቃዋ ደግሞ ደወለ፤ አላነሣችለትም።

የክንዱ ጋቢ ለማስረጃ ታጥፎ ተወሰደ። አምለሰት የተራቆተውን ማብሪያ አየችው። መጥፋቱን አረጋገጠችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በላዩ ሰቀለችው።

«ወዴት ነው?» አለቻት ሠርክአዲስ።

«የጀመረውን ሽቦ ልጨርስለት ነዋ! ወንድ የሆነ ይንካው።»

አያ ቢሆነኝ ወንበር ጎትተው ከማብሪያው ስር ተቀመጡ፤ ዱላቸውንም ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ግቢ ልጄ» አሉ። «ዛሬ ዘበኛው እዚህ ነው።»