መልስ ያልጎደለባቸው ቅጾች

ተመራማሪው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ በመዝገብ ክፍሉ ወለል ላይ በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው የወረቀት መብሻ ብረት አጠገባቸው ወድቋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጠኑ የነበረው አንድ ጥያቄ ነው፤ አምልኮ የሚያዘወትር ባል ሚስቱን ከመምታት ይቆጠባል ወይ?

«ሰባኪው በአደባባይ ዝቶባቸው ነበር፤ እሰሪውና ገላግይን» አላት መርማሪዋን አለቃዋ በስልክ።

«ስጨርስ አስራለሁ» ብላ መርማሪዋ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ሥራዋን ሌላ ሰው ሲጨርስላት ደሟ ይፈላል።

ሰባኪው ከሚስቱ ጋር መጣ። «ጥናታቸውን ተቃውሜያለሁ፤ ነገም እቃወማለሁ! እጄን ግን አላነሳሁባቸውም። ጠዋቱን ሙሉ ቤቴ ነበርኩ።»

«አዎ፣ ቤት ነበር» አለች ሚስቱ ወለሉን እያየች።

የመጠይቅ አስተባባሪው ስድስት የተሞሉ ቅጾች ዘረጋ። «ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ቤት ለቤት እየዞርኩ ስጠይቅ ነበር። ሰዓቱ ተጽፏል፤ ይመልከቱት።»

የተመራማሪው ረዳት ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «አራት ሰዓት ላይ አዲስ የቅጽ እሽግ ሰጠኋቸው። ማኅተሙን ፊቴ ቀደዱት፤ ከዚያ ወጣሁ።»

«ቅጾቹ ቁጥር አላቸው?»

«እያንዳንዳቸው።»

መርማሪዋ በር ዘግታ የቆዩትን ቅጾች ስታነብ ዋለች። አመሻሽ ላይ ሁሉንም መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጥያቄ አሥራ አራት» አለች። «በዚህ ቤት ባል ሚስቱን ይመታል? እዚህ ሲደረስ አንዱ ዝም ይላል፤ ሌላው ተቆጥቶ ጠያቂውን ያባርራል። በሌሎቹ ጠያቂዎች ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ ሞልቷል። አንተ ባመጣኸው ሁለት መቶ ቅጽ ላይ ግን አንድም የለም። የት አገር ነው ሰው ለማያውቀው እንግዳ እንዲህ የሚናዘዘው?»

አስተባባሪው ላቡን ጠረገ። «ማታለል መግደል አይደለም።»

«አይደለም። እነዚህ ስድስት ቅጾች ግን ተመራማሪው ከቀደዱት እሽግ የወጡ ናቸው፤ ቁጥራቸው ይኸው። ሦስት ሰዓት ላይ ሞላሁት ያልከው ቅጽ በዚያ ሰዓት ታሽጎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በተውት ወረቀት በእጃቸው ‹ዳግም ይጠየቁ› ብለው የዘረዘሯቸው ቤቶች በሙሉ ያንተ ናቸው። ረዳታቸው ስትወጣ ገባህ፣ ሊያጋልጡህ መሆኑን አወቅህ፣ መታሃቸው። ከዚያ ሌላ ቦታ የነበርክ ለማስመሰል ከጠረጴዛው ላይ ቅጽ አንስተህ ሞላህ። እንደ ልማድህ በችኮላ ስለሞላህ ቁጥሩን ልብ አላልከውም።»

«እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ‹እውነት አምጣ› የሚሉኝ!» ብሎ ጮኸ። «በየበሩ የምሰደበው እኔ ነኝ!»

ፖሊሶች አስተባባሪውን ይዘውት ሲወጡ ሰባኪው ደረቱን ነፍቶ ተነሳ።

«እንግዲህ ጥናቱ ውሸት ነበር። የምእመናኔን ስም አጥፍታችኋል፤ ዝጉት!»

ረዳቷ እንባዋን ጠርጋ አንድ ንጹህ ቅጽ ሳበች። «አንዘጋም። ከዜሮ እንጀምራለን።»

«ማን ይመልስልሻል?» ብሎ ሳቀባት።

«እኔ» አለች ሚስቱ።

ሴትየዋ ወንበር ስባ ረዳቷ ፊት ተቀመጠች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

«ስሜንም ከነአባቴ ጻፊው።»

«ተነሺ፣ እንሂድ» አላት ባሏ።

አልተነሳችም።