ቀዩ ፕላስተር

እኔ ጂን፣ ጥላ፣ ድምፅ ምናምን ሲወራ ተነሥቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር፣ ሌላው ቀርቶ እናቴ ስታወራ እንኳ አቋርጣት ነበር። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሁሉ «ሌሊት ነበር» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ የኔ በጠራራ ቀን ነው፣ ማለቴ አቧራው እስኪመጣ ድረስ ጠራራ ነበር።

ሥራዬ ፋይል ማስቀመጥ ነው። በአንድ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ የሚመጣውን ፋይል ሁሉ እቀበልና ጀርባው ላይ ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ ነጭ ለጠያቂ ሁሉ የሚነገር፣ ቢጫ ከቢሮው የማይወጣ፣ ቀይ ደግሞ ያለ ኃላፊው ፊርማ የማይከፈት ጥብቅ ምስጢር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀዩን እጠላው ነበር። ስንቱ ያገሬ ልጅ ወንድሙን፣ እናቱን ፍለጋ ድንበር አቋርጦ መጥቶ፣ ፊርማ አምጣ ብዬ ልመልሰው? ስለዚህ ገልጬ ሳላነብ ነጭ ነጩን እለጥፍ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ከድጃ፣ እዚሁ ሱዳን ያደገች ልጅ ናት፣ «ወላሂ ኑረዲን፣ አንተ አንድ ቀን ሰው ታስገድላለህ! አንብበህ ለጥፍ!» ትለኛለች። እኔ እስቅባታለሁ፣ ሰው አገናኘሁ እንጂ መቼ ገደልኩ እላታለሁ።

አንድ ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሀቡቡ፣ የአቧራው ማዕበል፣ መጣ። ሰማዩ ድንገት በአቧራ ቀላ፣ ከዚያ ጨለመ፣ መብራት ጠፋ፣ ከድጃ ወደ ልጆቿ ሮጠች፣ ሌላውም ወጣና ብቻዬን ቀረሁ። በዚህ መሀል አንድ ሰው አቧራውን እያራገፈ ገባ፣ ትሕትናው ልክ የለውም፣ አነጋገሩ የጎንደር ነው፣ ልቤ ወዲያው ከሱ ጋር ሆነ።

«እህቴን ፍለጋ ከገላባት ነው የመጣሁ፣ አንቱ ወንድሜ። ዘሀራ ትባላለች። ይችን ጫማ ለልጇ ይዤለት ነበር» ብሎ ከፌስታል ውስጥ የልጅ ጫማ አወጣ። ጫማው ያለቀ ነው፣ ያኔ ልብ አላልኩትም።

«ይቀመጡ፣ ያለችበትን አሁን አይቼ እነግርዎታለሁ» አልኩት። ዘሀራን አስታውሳታለሁ፣ ፋይሏ ላይ ነጩን የለጠፍኩት በገዛ እጄ ነው።

የፋይሉ ክፍል በር ላይ ስደርስ ከውስጥ ጭርርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፕላስተር ከጥቅልሉ ሲሳብ የሚያወጣው ድምፅ ነው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የኖርኩበት ድምፅ ስለሆነ አልሳሳትም። «ከድጃ?» አልኩ። የስልኬን መብራት አበራሁ፣ ማንም የለም፣ መስኮቱም ዝግ ነው። ነፋሱ ነው ብዬ የዘሀራን ፋይል ሳብ ሳደርግ ጀርባው ቀይ ነው።

ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም፣ እመኑኝ። ከድጃ ናት፣ እኔን ልታርም ብላ ነው አልኩና ላጥኩት፣ ከሥሩ የኔ ነጭ አለ። ፋይሉን ብብቴ ሥር ወሽቄ መውጣት ስጀምር፣ ጭርርርር፣ አሁን ጆሮዬ ሥር። ፋይሉን ከብብቴ አወጣሁት። ቀይ። ጫፉ በጥርስ የተቆረጠ ነው፣ ስነካው ይሞቃል። ቅድም የላጥኩት ደግሞ ጣቴ ላይ እንደተጣበቀ ነው።

ፋይሉን እንደምንም ቦታው መልሼ ወጣሁና «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም» አልኩት።

«ታዲያ ምን እንዲህ አላበህ?» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ እስካሁን አንቱ ሲለኝ የነበረ ሰው። ጫማውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ስትመጣ ስጣት፣ ታውቀዋለች» ብሎ አቧራው ውስጥ ገባ።

እሑድ ዕለት ዘሀራ ለራሽን ጉዳይ መጣች። ወንድምሽ ነኝ ያለ ሰው ትቶልሽ ሄደ ብዬ ጫማውን ስሰጣት እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ወንድም የለኝም» አለች። «ባሌ ነው። ከቤት ስንሸሽ የልጄ ጫማ እደጅ ቀርቶ ነበር። ካገኘን ይጨርሰናል ብዬ አስመዝግቤ ነበር እኮ፣ አላነበባችሁትም?»

አላነበብኩትም። ዓይኗን ማየት አቃተኝ፣ አፈርኩ። እሷንና ልጇን በዚያው ቀን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርናቸው፣ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከድጃን «ቀዩን የለጠፍሽው አንቺ ነሽ?» ስላት፣ «ቀይ ካለቀ ወር ሆነው እኮ፣ ማፊ፣ የለም!» ብላ ባዶውን ካርቶን ከመሳቢያ አውጥታ አሳየችኝ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነብባለሁ፣ ከድጃም ትስቅብኛለች። ባለፈው ሳምንት ታዲያ የሠራተኞችን ፋይል ላስተካክል ቁምሳጥኑን ስከፍት የራሴ ፋይል ቀይ ነው። አልላጥኩትም። ከማን ነው የምደበቀው ብዬ ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ ጠላት የምለው ሰው የለኝም። ከዘሀራ በፊት ግን ስንቱን ሰው ሳላነብ አድራሻውን ሰጥቻለሁ፣ አገናኘሁ ብዬ ኮርቻለሁ፣ ከተገናኙ በኋላ ምን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም።

ትናንት ስወጣ ዘበኛው ጠራኝ። «ያገርህ ሰው ሲጠይቅህ ነበር፣ ስምህን ከነአያትህ ያውቃል፣ ደክሞት ሳየው አሳዘነኝና ቤትህን ነገርኩት» አለኝ፣ ደስ እያለው።