ሲንዱር የበላው ድምፅ

እትዬ ቫሱዳ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ዘፈን አልነበረም። የዛገ በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ሲጥታ ነው።

ቫዮሊኖቹ ቆሙ። ከበሮው ቆመ። ሴትዮዋ ጉሮሯቸውን ይዘው ማይክራፎኑ ስር ቁጭ አሉ። ሳሉ። ቀይ ምራቅ ተፉ። ፓን የሚባለውን ቅጠል የሚያኝክ ሰው ምራቁ ሁልጊዜ ቀይ ስለሆነ መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። ሰው የደነገጠው ቀረጻውን ለማየት ስቱዲዮው ከተጋበዙት ጋዜጠኞች አንዱ፣

«ሲንዱር ነው። ሲንዱር አብልተዋቸዋል» ሲል ነው።

ቦምቤይ ውስጥ ዘፋኝ ፊት ይህን ቃል አይጠሩም። ያገባች ሴት ፀጉሯን ከፍላ መሃሉ ላይ የምትቀባው ቀይ ዱቄት ጉሮሮ ከገባ ድምፅ ይበላል ይባላል። የቀናች ዘፋኝ በፓን ቅጠል ጠቅልላ ለባላንጣዋ ታጎርሳለች ይባላል። ያልሰማ የለም። ያየ ግን አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ።

ኢንስፔክተር ሻላካ ጋራት ስቱዲዮው ስትደርስ ዝናቡ ያወርደዋል፤ ሕዝቡም ጃንጥላውን ዘርግቶ በሩን ዘግቷል። ሬዲዮ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። አለቃዋ በስልክ ያላት አጭር ነበር። «ሳይመሽ ሰው ያዢልኝ። አለዚያ ስቱዲዮውን ያቃጥሉታል።»

እሷን ያሳሰባት ግን ሌላ ነው። እናቷ በእትዬ ቫሱዳ ዘፈን ነው ያሳደገቻት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠርግ ላይ እሳቸው፣ ታክሲ ውስጥ እሳቸው፣ የጎረቤት መስኮት ላይ እሳቸው። ከሳቸው በኋላ የመጣች ልጅ ሁሉ ድምፅዋን እንደሳቸው ማቅጠን ተማረች። ወፍራም ድምፅ ያላት ቤቷ ቀረች።

ኮንስታብሉ የሁሉንም ቦርሳ ፈትሾ ጨርሷል። ትንሽ የቆርቆሮ ሙዳይ ይዞ መጣ። ክዳኑ ላይ ቀይ ዱቄት አለ።

«ከማን?»

«ከዚያች ቀጭን ልጅ።»

ልጅቷን ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት።

«ስምሽ?»

«ሩቱጃ።»

«ሥራሽ?»

«እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ዘፈኑን እኔ እዘፍነዋለሁ። ካሴቱን ሰምተው ያጠኑታል። ከዚያ የኔ ይጠፋና የሳቸው ይገባል።»

«እሳቸው ካልዘፈኑስ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «የኔ ይቀራል።»

«አግብተሻል?»

«አላገባሁም።»

«ታዲያ ሲንዱር ቦርሳሽ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የኔ አይደለም።»

«ፓኑን ማን ሰጣቸው?»

«ማንም። እትዬ ቫሱዳ» አለችና የጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገች፤ «ከሰው እጅ ፓን አይበሉም። የፓን ሳጥናቸው ይቆለፋል። ቁልፉ ወገባቸው ላይ ነው።»

ሻላካ ጆሮዋን ስትነካ አየቻት። አጎቷ ከበሮ መቺ ስለነበር ታውቀዋለች። ሙዚቀኛ የመምህሩን ስም ሲጠራ ጆሮውን ይነካል። የሚበልጠውን ድምፅ ሲሰማም እንደዚያው። ይቅርታ መጠየቅ ነው። ላልበለጠህ ሰው አትነካም፤ ብትዋሽ እንኳ እጅህ እሺ አይልህም ይል ነበር አጎቷ።

መርዝ ያበላች ልጅ እንዲህ ትነካለች? ልትነካ ትችላለች። ተዋናይ ሞልቷል በዚህ ከተማ።

«ኢንስፔክተር፣ ልለምንሽ?»

«ለምኚ።»

«አንዲት ሌሊት እንኳ ታስሬ ካደርኩ አለቀልኝ። መርዘኛ የተባለች ዘፋኝ ማን በር ይከፍትላታል? ማን ያፈላሁትን ሻይ ይጠጣል?»

«እንግዲያው የደበቅሽውን ንገሪኝ።»

ልጅቷ እጅ አንጓዋ ላይ የታሰረውን ቀይ ክር ነካካች። መምህር ለተማሪው የሚያስረው ክር ነው። እትዬ ቫሱዳ ናቸው ያሰሩላት።

«ምንም አልደበቅኩም» አለች።

ደብቃለች። ሻላካ ኮንስታብሉን በሩ ላይ አቁማ ወጣች።

የዘፈኑ ዜማ ደራሲና የቀረጻው ኃላፊ ሱኮማል ጉሃ መቅረጫ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ፊታቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

«ጋሼ ሱኮማል፣ ክፍሉ እንደ በረዶ ነው። ምን ያልብዎታል?»

«ወፍራም ሰው በረዶ ላይም ያልበዋል።»

«እትዬ ቫሱዳን ማን ይጠላቸዋል?»

«ዘፋኝ ሁሉ። የማይጠላቸው ዘፋኝ ካገኘሽ ደንቆሮ መሆን አለበት።»

«እርስዎስ?»

«ዘፈኔ የሚሸጠው በሳቸው ስም ነው። የምታለብ ላሜን አርዳለሁ?»

«ሦስት ዓመት በር ዘግተው ነው የሚቀረጹት አሉኝ ቫዮሊን መቺዎቹ። እርስዎና ልጅቷ ብቻ።»

መሐረቡ ቆመ። «የትልቅ ሰው አመል ነው።»

«ዛሬ ታዲያ ለምን ተከፈተ?»

«ፕሮዲዩሰሩ ነው። መዝፈን ከጀመሩ ሠላሳኛ ዓመታቸው ነው፣ ከነሙዚቀኛው በአንድ ትንፋሽ ጋዜጠኛ ፊት ይዝፈኑ አለ። እኔ አይሆንም ብዬ ነበር።»

«ለምን?»

«ልጅቷን ያዢና ገላግይን እንጂ። ሙዳዩ ቦርሳዋ ውስጥ ተገኝቶ የለ?»

ሰውዬው ፈርተዋል። ሻላካ ይሄኔ በሳቸው ላይ ልትወስን ምንም አልቀራትም ነበር። ግን የፓን ሳጥኑ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ አልነበረም። ላማቸውን ማረዱም አልገባትም። መኪና አስነስታ ሆስፒታል ሄደች።

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘችው።

«ጉሮሯቸው ተቆጥቷል። ሲንዱር ነው፤ ግን ቁንጥር ነው። ይድናሉ።»

«ድምፃቸውስ?»

«እንደነበረው ይሆናል።»

«እንደነበረው» የሚለውን ረገጥ አደረገው።

«ምን ማለት ነው?»

«የበሽተኛ ገመና ነው። እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

ሻላካ በሩ ላይ ቆመች። ድምፅ ሊያጠፋ የመጣ ጠላት ለምን ይቆጥባል? ሙዳዩንስ ባሕሩ ውስጥ መጣል ሲችል ለምን ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይዞራል? መልሱ ወዴት እንደሚሄድ ሸትቷታል። እዚያ መድረስ አልፈለገችም።

እትዬ ቫሱዳ ነጭ ሳሪያቸውን ለብሰው ተጋድመዋል። ያነሱ መሰሏት። ካሴት ላይ ትልቅ ነበሩ።

«ማን አበላዎት?»

«ሩቱጃ» አሉ፤ ሹክሹክታ ነው። «በእጇ ሰጠችኝ። ልጄ ናት ብዬ በላሁ።»

«ከሰው እጅ አይበሉም ይላሉ።»

«ከሷ እበላለሁ።»

«በደንብ ያስቡበት፣ እትዬ። ልጅቷ በዚህ ቃል ትታሰራለች።»

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከታች ሻይ ሻጩ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጓል። ለሳቸው ለተሰበሰበው ሰው ያምና ዘፈናቸውን ያሰማል። ያ ዘፈን ሻላካንም ያውቃታል፤ እናቷ ስትታመም ሌት ተቀን ሰምታዋለች። ዝግ ብሎ ይጀምርና ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ጫፉ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ሳይበጠስ ይቆያል።

ጫፉ ጋ ደረሰ።

እትዬ ቫሱዳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመድኃኒት መርፌ የተሰካበት እጃቸው ከአልጋው ተነሳ። የጆሯቸውን ጫፍ ያዘ። ተመልሶ ወረደ።

ሻላካ ምን እንዳየች ወዲያው አልገባትም። ዘፈኑ አልቆ ማስታወቂያ ሲጀምር ገባት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እትዬ። ይሄን የዘፈነው ማን ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ጆሮዎን ነኩ።»

ሴትዮዋ እጃቸውን አዩት። የሌላ ሰው እጅ ያዩ ይመስል ነበር።

«ለራሱ ድምፅ ጆሮውን የሚነካ ሙዚቀኛ አይቼ አላውቅም» አለች ሻላካ።

ከታች አንድ ሰው ስማቸውን ጠርቶ እያለቀሰ ነው።

«የዘፈኑ ታቹ የኔ ድምፅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከፍ የሚለው ላዩ የሩቱጃ። ሱኮማል ይሰፋዋል፤ ስፌቱን ሚስቱ እንኳ አታውቀውም። ሦስት ዓመት ሆነው። ልጅቷን ክራር መሰል ታምፑራዬ ላይ እጇን አስጭኜ እንዳትናገር አስምያታለሁ።»

«ዛሬ ግን በሩ ተከፈተ።»

«ድምፄ ሰው ፊት ሊሰነጠቅ ነበር። ያረጀ ድምፅ ይሳቅበታል፣ ልጄ። ለተሰረቀ ድምፅ ግን ይለቀሳል። ስሚያቸው።»

«ለልቅሶው ብለው ሲንዱሩን ራስዎ መብላትዎንስ እሺ። ሙዳዩን ለምን እሷ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት? ምን አደረገችዎት?»

«ሰው ማን አበላቸው ማለቱ ይቀራል?»

«ይሄ መልስ አይደለም።»

እትዬ ቫሱዳ ከንፈራቸውን ነከሱ። «እሷ በዘፈነች ቁጥር ይሄ እጄ ይነሳል። እኔ ሳላዘው። ሠላሳ ዓመት ሰው ነው ለኔ ጆሮውን የነካው። አንድ ቀን ሰው ፊት ይነሳብኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። እሷ ዝም ብትል ይቀመጥልኛል አልኩ።»

ሻላካ ተነሳች። እናቷን አሰበችና ተናደደች፤ በማን እንደሆነ እንጃ። «ሕዝቡ ልጅቷን ካገኛት ይገላታል። ወይ እርስዎ ይነግሩታል፣ ወይ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ጋዜጠኞቹን ጥሪልኝ» አሉ። «በሹክሹክታም ቢሆን ከኔ አፍ ይስሙት። መስኮቱን ግን ዝጊልኝ።»

ሻላካ ስቱዲዮ ስትመለስ ወሬው ቀድሟታል። በሩ ላይ የነበረው ሕዝብ ጃንጥላውን ይዞ ማንን እንደሚሳደብ ጠፍቶታል። ኮንስታብሉ ክፍሉን ከፈተ። ሩቱጃ ባስቀመጠቻት ቦታ ናት።

«ሂጂ፣ ነፃ ነሽ።»

«ማን ነው?»

«ራሳቸው።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ፈታችው።

«ሙዳዩንም?»

«ሙዳዩንም።»

«እትዬ ቫሱዳ» አለች። እጇ ተነሳ፤ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። እጁ ሄዶ ጆሮዋን ነካ። «ለዘፈኑ ነው» አለች ልጅቷ። «ለሌላው አይደለም።»

ጋሼ ሱኮማል ከኋላ መጡ። ልጅቷን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። «ሙዚቀኛው አልተበተነም» አሉ ወለሉን እያዩ። «ፕሮዲዩሰሩ አንቺ ዝፈኚው ይላል። በስምሽ።»

ሩቱጃ ገብታ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች። ቫዮሊኖቹ ተዘጋጁ። ቀዩ መብራት በራ። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። በመቅረጫ ክፍሉ መስተዋት በኩል ሱኮማልን አየቻቸው።

«እንደ ማን ልዝፈን?» አለች።

ሰውዬው መሐረባቸውን ፈለጉ።