ስክሪኑ ላይ ያለው ስም

«ሁለት የዶሮ ሳንድዊች፣ አንድ ድንች፣ አንድ ትልቅ ሻይ» አለ በጆሮ ማዳመጫው የሚመጣው ድምፅ። ኪያራ ትዕዛዙን አስገብታ ሳትጨርስ አብረዋት የሚሠሩት አሮጊቷ ሚስ ቬርኔል ሻዩን ቀድተው፣ ክዳኑን ገጥመው አስቀምጠውታል። ዓይናቸው ግን ደንበኞች ሳይወርዱ ምግብ በሚገዙበት መስኮት ስር መኪናዋን ያቆመችውን ሴት እያየ ነበር። መልሷን እየሰጧት ስለ ልጇ ጉንፋን ይጠይቋታል።

ከመስኮቱ በላይ ያለው ሰዓት እያንዳንዱ መኪና የቆየበትን ጊዜ ይቆጥራል። መኪናው ከዘገየ ቁጥሩ ቀይ ይሆናል። ድንች የሚጠብሰው ጄቮን ቀይ ባየ ቁጥር መላው አንድ ነው።

«ወደ ፊት ጠጋ ብለው ይጠብቁ በያቸው» አላት። «መኪናው ከመስኮቱ ከራቀ ሰዓቱ ይቆማል። ፋራ አትሁኚ።»

ሌሎቹ ፈረቃዎች እንደዚያ ያደርጋሉ። ሚስ ቬርኔል ግን አይወዱትም።

«ሰውየው ምሳውን ሳይዝ ሰዓቱ ቢቆም ማንን ጠቀመ?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ሚስ ቬርኔል ሥራ ላይ ወደ ኋላ አይዞሩም። ኩባያው፣ ክዳኑ፣ ማባያው፣ ከረጢቱ ሁሉ ክንዳቸው በሚደርስበት ቦታ ዙሪያቸውን ተደርድሯል። በጆሯቸው ሦስተኛውን መኪና እየሰሙ፣ በእጃቸው ሁለተኛውን እያዘጋጁ፣ በአፋቸው አንደኛውን ይሸኛሉ። ኪያራ ሥራ በጀመረች ቀን ያስተማሯትም ይህንኑ ነው። «ከዞርሽ ጠፋሽ» ነበር ያሏት። መጀመሪያ ላይ ትዞር ነበር፤ አሁን እጇ ራሱ ቦታውን ያውቀዋል።

ፈረቃው ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ዳሬል ወደ ቢሮው ጠራት። ያጠፋች መስሏት ደነገጠች። እሱ ግን ፈገግ ብሏል። በአካባቢው ካሉት ቅርንጫፎች ሁሉ የእነሱ የከሰዓት መስኮት ፈጣኑ ሆኗል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ስም ደግሞ የኪያራ ነው።

«አለቃዬ ነገ ይመጣል» አላት። «መስኮቱን ለሚመራው በሰዓት አንድ ዶላር ጭማሪ አስፈቅጃለሁ። ለአንድ ሰው ብቻ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም አይቶ ይፈርማል።»

ኪያራ ማመስገኗን ታስታውሳለች።

ስሟ እዚያ ላይ የተገኘው በልማድ ነው። ፈረቃ ሲቀየር አንድ ሰው ስሙን አስገብቶ ስክሪኑን መክፈት አለበት። ሚስ ቬርኔል ሁልጊዜ ለወጣቶቹ ሠራተኞች ይተዉታል። «ጓንቴን አውልቄ እስክመልስ ሁለት መኪና ያመልጠኛል፤ የአንቺን አስገቢው» ይሏታል።

እናቷ ታሚካ መኪና ውስጥ እየጠበቀቻት ነበር። ኪያራ ቀበቶዋን እያሰረች ሁሉንም ነገረቻት። በትምህርት ቤቱ የማርሽ ባንድ የምትነፋው ክላርኔት የውሰት ነው፤ አንዱ ቁልፉ እየተጣበቀ መከራዋን ያሳያታል። በጭማሪው የራሷን መግዛት ትችላለች።

ታሚካ ሳቀች። «እኔ አንቺን አርግዤ እዚያው መስኮት ላይ ስሠራ የሚከፈለኝ ሰባት ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። አንቺም ስትቀጠሪ ያው። እናቴ ምንም አላወረሰችኝም እንዳትዪ።»

«ያኔም ሥራው እንደዚህ ነበር?»

«ኧረ የት! መኪናው የሚመጣው በአንድ ረድፍ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኗል። እኛ ሰባት ነበርን፤ እናንተ አራት ናችሁ። ሰዓት የሚባል ነገርም አልነበረም።»

ኪያራ የጠዋቱ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ትዝ አላት። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ሥሎ ነበር። አንዱ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተውን ያሳያል፤ ሌላው ሕጉ የወሰነውን ዝቅተኛ ክፍያ። እስከ አያቶቻቸው ወጣትነት ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲወጡ ቆዩና ተለያዩ። የላይኛው ሽቅብ ገሰገሰ፤ የታችኛው ከኋላ ቀረ። ክፍሉ ውስጥ ሳለች መስመር ብቻ ነበር። አሁን ግን የላይኛው የሚስ ቬርኔል እጅ መሰላት።

«ሚስ ቬርኔል ስንት ነው የሚያገኙት?» አለች።

ታሚካ ከዓመታት በፊት አውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው መጋዘን ተቀጥራ ሄዳለች። እዚያ የሚከፈላት የመስኮቱን እጥፍ ነው። ሚስ ቬርኔል መኪና ስለሌላቸው በእግር የሚደረስበት ሥራ ላይ ቀሩ።

«አንቺ አሁን ከምታገኚው በግማሽ ዶላር ይበልጣል» አለች ታሚካ።

ኪያራ ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀባትም። በመኪናው መስኮት በኩል መንገዱ ዳር ወዳለው የጥጥ ማሳ ዞረች።

«አንቺን አርግዤ እግሬ አብጦ ነበር» አለች ታሚካ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «ሚስ ቬርኔል ባዶ የወተት ሣጥን ገልብጠው አስቀመጡኝና የእኔንም የእሳቸውንም ሥራ ሠሩት። ለማንም አልተናገሩም። ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ በእግራቸው ይነኩኛል፤ እኔም እነሣለሁ።» ከዚያ በኋላ ሬዲዮኑን ከፈተችው።

በማግስቱ ከሰዓት ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ስም ይጠብቅ ነበር። ሚስተር ዳሬል ከረባት ካሰረ ሰው ጋር ቢሮው በር ላይ ቆሟል። ሁለት መኪኖች ገብተዋል።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ?» አሉ ሚስ ቬርኔል። «አስገቢው እንጂ።»

«ጓንትዎን ያውልቁ፣ ሚስ ቬርኔል። የዛሬውን እርስዎ ያስገቡ።»

«ሁለት መኪና ያመልጠኛል አላልኩሽም?»

«እኔ እይዛቸዋለሁ።»

አሮጊቷ ትኩር ብለው አዩዋት። ወደ ቢሮው በርም አዩ፤ ከዚያ ተመልሰው እሷን። ነገሩ የገባቸው መሰለ። «የታሚካ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፤ ጓንታቸውን ጣት በጣት ማውለቅ ጀመሩ።

ኪያራ ማዳመጫውን አጠለቀች። አንዱ ሻይ ይላል፤ ሌላው ድንች ይላል። ከኋላዋ ሚስ ቬርኔል በአንድ ጣታቸው ስማቸውን ሲጽፉ፣ ስክሪኑ በእያንዳንዱ ፊደል ጢጥ ሲል ይሰማታል። የሚስተር ዳሬል ጫማም እየቀረበ መጣ።

ኩባያውን አነሣች፣ ቀዳች፣ ክዳኑን ገጠመች። አልዞረችም።