ያልተቆለፈው የማግኔት ክፍል

ያልተቆለፈ በር ሰውን እንዴት አስሮ ያስቀራል?

መርማሪዋ ጠባቡ የማግኔት መለኪያ ክፍል ውስጥ ቆማ መልሱ ጠፍቶባታል። ኬሚስቱ ጠዋት የተገኘው የበሩ እጀታ ስር ተደፍቶ ነው፤ ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል። ሐኪሙ እንዳለው፣ መለኪያውን የሚያቀዘቅዘው ናይትሮጂን ክፍሉን ሞልቶ አፍኖታል። በሩ ግን ወደ ውስጥ ሲስቡት ያለ ችግር ይከፈታል።

ኮሪደሩ ላይ ፖሊሶች የኬሚስቱን ተማሪ ሊወስዷት ቆመዋል። ትናንት መጨረሻ ላይ አብራው የታየችው እሷ ናት።

«ናሙናውን ሰጥቻቸው ወጣሁ፤ ሌላ አላውቅም» አለች ተማሪዋ።

«የምን ናሙና?»

«ማንጋኒዝና መዳብ እንደ ሰንሰለት የሚያያዙበት ፖሊመር ነው። ዶክተር ‹ሳይቀዘቅዝም ማግኔት ይሆናል› ብለው የተሸለሙበት። ሟቹ ጋሼ ግን አልዋጥላቸው አለ። ‹ዱቄቱን የምንፍቀው በብረት ማንኪያ ነው፤ የሚስበው የማንኪያው ብናኝ ቢሆንስ?› አሉኝ። አዲስ ሠርቼ በፕላስቲክ ፍቄ ሰጠኋቸው።»

«እንግዲህ ማንኪያውንም እሰሪው በይኛ!» አለች መርማሪዋ።

ተማሪዋ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደነገጠች።

ዶክተሩ የሟቹ እህት ባል ነው። ቢሮው ውስጥ ሽልማቱን ፊቱ አድርጎ ተቀምጧል።

«አማቼ ሲበዛ ግትር ነበር» አለ።

«ትናንት ማግኔት ክፍል ገብተው ነበር?»

«ደጃፉን አልረገጥኩም።»

«የድሮው ናሙናስ የት ይቀመጣል?»

«እዚሁ ካዝናዬ ውስጥ። ቁልፉ ካንገቴ አይወርድም።»

መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች። ከበሩ ጎን ሁለት የቧንቧ መዝጊያዎች አሉ፤ አንዱ ጋዝ ያስገባል፣ ሌላው አየር ያስወጣል። ባዶውን ክፍል ዘግታ የመውጫውን ጠረቀመች፣ የጋዙን ከፈተች። ከዚያ ዶክተሩን፣ ሚስቱንና ተማሪዋን አስጠራች።

«ግፉት» አለች ፖሊሶቹን።

ሁለቱ በትከሻ ገፉ። በሩ ንቅንቅ አላለም። ጋዙን ዘግታ መውጫውን ስትለቀው ግን ወለል ብሎ ተከፈተ።

«አየሩ እስኪጠራ እንዳትገቡ። አያችሁ? ጋዙ ከውስጥ በሩን ተጭኖት ነበር። ገዳዩ እዚህ ቆሞ አፈነው፤ ኋላ ሁሉን እንደነበረ መለሰ።»

«ይህን ማንም ያደርገዋል» አለ ዶክተሩ።

«ልክ ነዎት። እሷ ከሠራችው የተረፈው ይኸውና።» ትንሽ ማግኔት አስጠጋች፤ ዱቄቱ ዝም አለ። «ይኼኛው ደግሞ መለኪያው ውስጥ የተገኘው።» ዱቄቱ ተንጠራርቶ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ። «አዲሱ ጠፍቶ የድሮው ተተክቷል። የድሮው ያለው ካዝናዎ ውስጥ ብቻ ነው። ማነው ታዲያ ደጃፉን ያልረገጠው?»

ፖሊሱ የተማሪዋን ክንድ ለቀቀ።

«ዓለም ሁሉ አጨብጭቦልኛል» አለ ዶክተሩ ቁልቁል እያየ። «ዋሸሁ ብዬ እንዴት ልመለስ? መውጫ አልነበረኝም።»

«ወንድሜስ ነበረው?» አለች ሚስቱ።

የፖሊስ መኪናው ውስጥ ዶክተሩ ስልኩን ሳይቀሙት ለሚስቱ ጻፈላት፦ «ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጪያቸው። ስመጣ ሁሉንም አስረዳሻለሁ።»

መልእክቱ መነበቡን አየ። ስልኩን እስኪወስዱበት ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። መልስ አልመጣም።