ፊቷን አይቶ ነው

በስብሰባ መሐል ተነሳና «እኔ ያገኘሁት ፊቷን አይቼ ነው» አለ። የሆነው ይኸው ነው።

ያውም ጭብጨባው ሳይበርድ። የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን በርቶ፣ ቁጥር ከቁጥር ገጥሞ፣ ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«የማንን ፊት?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«የሷን።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ክው ብላ ቀረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ አንድ ትልቅ የራዲዮ አንቴና አለ። አንቴናው የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኮምፒውተሩና ፕሮግራሙ የሌላው። ለየብቻ የትም እንደማይደርሱ ሲገባቸው ተፈራርመው አብረው መሥራት ጀመሩ። የሚፈልጉት የሞተ ኮከብ ነው። አንዳንድ ኮከብ ሲሞት ቅሪቱ እንደ እንዝርት እየሾረ ይቀራል፤ በሾረ ቁጥርም የራዲዮ ትርታ ይልካል። ትርታው ደካማ ነው። እዚህ ሲደርስ በሰማይ ጫጫታ ውስጥ ተቀብሮ ነው።

ችግሩ፣ ሰው የሚፈልገውን ነገር አጥብቆ ከፈለገ ያገኘዋል። በሌለበትም ያገኘዋል። ስለዚህ ስምምነቱ ላይ አንድ ደንብ ገባ፦ አንቴናው የቀዳውን ሁለት ቡድን ለየብቻ ይመርምረው፣ አንዱ ለሌላው ትንፍሽ እንዳይል። ውጤቱን ሁለቱም ለፕሮፌሰሯ ያስገባሉ፤ በአንድ ቀን ይከፈታል። ከገጠመ ገጠመ።

እሷ የአንዱ ቡድን ናት። ኮንትራት ሠራተኛ። ኮከቡ ከተገኘ ቋሚ ትሆናለች፤ ካልተገኘ ኮንትራቷ ዘንድሮ ያልቃል፣ ዕቃዋን ትሰበስባለች። ከአፏ ስለማይጠፋ ሁሉም «ቶሎ በሉ» ነው የሚሏት። ሾፌሩን ቶሎ በል፣ ኮምፒውተሩን ቶሎ በል።

እሱ የሌላው ቡድን ነው። መጀመሪያ የተያዩት ሰርቪስ ውስጥ ነው። ቦታ የለም፤ እሱ አጠገብ ግን አንድ ትልቅ ጥቅል ኬብል ወንበር ይዞ ተደላድሏል።

«ይሄ ደግሞ የየትኛው ክፍል ሠራተኛ ነው?» አለችው።

«የኛ ነው። ከኔ በላይ ይሠራል።»

«እንግዲያው አንተ ተነስ።»

ተነሳ። እሷ ከኬብሉ ጋር ተቀመጠች፤ እሱ ኮረብታው ድረስ ቆሞ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ኬብል ሆነ። ቁመቱም አግዞታል።

ኮረብታው ላይ ስልክ ክልክል ነው። አንቴናው ከሩቅ የመጣ ሹክሹክታ የሚሰማ ጆሮ ነው፤ አጠገቡ ስልክ ቢበራ ይደነቁራል። ስለዚህ ሁሉም ስልኩን በሩ ላይ ለጥበቃው አስረክቦ ይገባል። ስልክ የለም። ስለ ሥራ ማውራትም በደንቡ የለም። ምን ቀረ? ሰው ቀረ።

ሌላ ሌላውን አወሩ። እሱ አባቱ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የቤቱን ሰዓት ሁሉ እየፈታ መልሶ መግጠም እንዳቃተው ነገራት። እሷ እናቷ መርፌ ነክሳ እንዴት እንደምትቆጣ አስመስላ አሳየችው። ወሬ ሲያልቅባቸው አንቴናው ጥላ ሥር ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እሷ ዝምታ አትችልም ነበር። ከሱ ጋር ቻለች።

«ሌሊት አልተኛሽም» ይላታል።

«ማን ነገረህ?»

«ግራ ቅንድብሽ።»

«ቅንድቤ ወሬኛ ነው፤ አትስማው።»

እወድሻለሁ አላላትም። እሷም አላለችውም። በሕይወቷ ያልቸኮለችበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ምናልባት የሌለ ነገር አግኝቼ እንዳይሆን ብላ ፈርታ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ትርታው ወጣ። ስክሪኑ ላይ፣ ከጫጫታው መሐል፣ ቀጥ ብሎ። በሩን ዘግታ አፏን በእጇ ይዛ ተቀመጠች። ደጋግማ አየችው። ለፕሮፌሰሯ አስገባች፣ ለማንም አልተነፈሰችም፣ ምሳ ልትበላ ወረደች።

ካፍቴሪያው ሰልፍ ነበረው። አንድ ሰውዬ ሰልፉን ጥሶ ፊቷ ድንቅር አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ልክ ልኩን ሳትነግረው አትለቀውም ነበር። «ይለፍ፣ ቸኩሎ ይሆናል» አለች። ፈገግ ብላ።

ኬብል ከኋላዋ ነበር። አያት። ሳህኑን እንደያዘ ትንሽ ቆመና ሳህኑን መልሶ ሄደ። ሆዱን አሞት ይሆናል ብላ ረሳችው።

እንግዲህ ስብሰባው ላይ የተናገረው ይሄን ነው።

«ፈልጌ አጥቼ የለም ብዬ ላስገባ ነበር» አለ። «ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ቀደማት፤ ዝም አለች። እሷ ዝም! አገኘች አልኩ። ተመልሼ ማጣሪያውን ላላ አደረግኩና ትርታ የሚመስል ነገር አገኘሁ። የመረመርነው ያው አንድ ቅጂ ነውና ማጣሪያው ሲላላ ጫጫታውም ለሁለታችን አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ያገኘሁት ኮከቡን ይሁን የሷን ፈገግታ ግን አላውቅም።»

አንዱ ሳቀ። የነኬብል አለቃ «ተቀመጥ እባክህ፣ ቀልደኛ» አለው። አልተቀመጠም።

«ሻይ ዕረፍት» አሉ ፕሮፌሰሯ።

እሷን ግን ቢሮ ጠሯት። በሩን ዘጉ።

«የማያውቃትን ሴት ፊት አይቶ ይሄን ሁሉ አነበብኩ ቢል የሚያምነው የለም» አሉ። «ስቀን እናልፈዋለን፣ ውጤቱ ይጸናል። የሚያውቅሽ ከሆነ ግን የሱ ውጤት ካንቺ የተቀዳ ነው ማለት ነው። ማረጋገጫ የለንም።»

«ያኔስ?»

«አብረን እንሥራ ያለን ሦስተኛ ዩኒቨርሲቲ አለ። እነሱ መርምረው እስኪጨርሱ ዓመት ይፈጃል። ያንቺ ኮንትራት ዓመት አይጠብቅም።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ስንመለስ በሁሉም ፊት ምንሽ ነው ብዬ እጠይቅሻለሁ። የመለስሽውን ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፍራለሁ። ዋሺ አላልኩሽም፣ አትዋሺም አላልኩሽም። የሚያስከፍልሽን እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ደረጃው ላይ እየጠበቃት ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለብቻዬ ብትነግረኝ ምላስህ ይወልቃል?»

«ብነግርሽ አንቺም አወቅሽ ማለት ነው። ከዚያ አንቺም ወይ ትናገሪያለሽ ወይ ትዋሺያለሽ። እዚያ ውስጥ ልከትሽ አልፈለግኩም።»

«አሁን የት ነው የከተትከኝ?»

ጫማውን አየ።

«ነገ ሌሎች ፈልገው ቢያጡት የምትዋረጂው አንቺ ነሽ» አለ። «አንድ ሰው አረጋግጦልኛል ብለሽ ተማምነሽ። ያ ሰው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አላረጋገጥኩም። ምኞትሽን አይቼ ደገምኩት፣ በቃ።»

«ቋሚነቴን ነው የበላኸው።»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ይላል ደግሞ።»

ጥላው ወረደች። ፕሮፌሰሯ ምን እንደሚጠይቋት ግን አልነገረችውም። ምንህ ነኝ ብላ መጠየቅ መስሏት።

የእናቷ ስፌት ቤት ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ ነው። እናቷ የሰው ሱሪ እያጠበበች ነበር፣ እንደ ልማዷ መርፌ ነክሳ።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ?»

«ዛሬ ፊቴን የማያይ የለም» አለችና ነገረቻት። ቆማ፣ በሁለት ትንፋሽ።

እናቷ መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካች።

«ስለሱ አውርተሽ የማታውቂው ልጅ ነው?»

«ካላወራሁልሽ በምን አወቅሽው?»

«ሾፌሩን ትሰድቢያለሽ፣ ጥበቃውን ትሰድቢያለሽ፣ ፕሮፌሰሯን ሳይቀር። ከዚያ ኮረብታ አንድ ሰው ብቻ ስድብ አይደርሰውም። ነገር በዓይን ይገባል እኮ ነው የሚባለው፤ ለሱ ብቻ መሰለሽ?»

«እማ፣ ጊዜ የለኝም።»

«መች ኖሮሽ ያውቃል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።» ጨርቁን ገለበጠች። «እና የሰማይ ላምሽ ቀረች?»

«ከተናገርኩ ቀረች። ለዘንድሮ።»

እናቷ ፔዳሉን ሁለቴ ረግጣ ተወችው። ቋሚ ሥራ እንድታገኝ እሷም ስለት ስትሳል ነው የኖረችው፤ ፊቷ ላይ ይታያል።

«ዋሺ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አፌ እምቢ አለ። ልጁ በራሱ ላይ ሲመሰክር አይተሽዋል። እኔ አባትሽን ይሄን ያህል ለማወቅ አንቺን መውለድ ነበረብኝ።»

«ይሄ ምክር ነው?»

«ሱሪ እየሰፋሁ ነው። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

መንገዱን ስትሻገር ያሰበችው ስለ ኮንትራቱ አልነበረም። ስለዚያ ጠዋት ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ስላየችው ነገር። እሷስ ኮከብ ነው ያየችው ወይስ ቋሚነት? እስካሁን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ሰው ጠየቀላት። ከዚያ በፊት ስለ እሷ እንዲህ የተጨነቀ ማን ነበር ብላ ፈለገች። ከእናቷ ሌላ አጣች።

አዳራሹ ሞልቶ ጠበቃት። ኬብል ጥግ ይዟል። ፕሮፌሰሯ እስክሪብቶ አንስተው ጠየቋት።

«ይሄ ሰው ምንሽ ነው?»

የነኬብል አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባልደረባ ናቸው፣ ምን...»

«ባሌ ሊሆን ነው» አለች። «እሱ ግን ገና አልሰማም።»

አዳራሹ እንዳለ ወደ ኬብል ዞረ። ኬብል ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አሁን ሰማሁ» አለ።

«ያለው ሁሉ እውነት ነው» ብላ ቀጠለች፣ ሳቁ እስኪያልቅ ሳትጠብቅ። «ቅንድቤን ሳይቀር ያነባል። የሱ ውጤት ማረጋገጫ ተብሎ አይቆጠር። የኔም ሌላ ሰው እስኪያየው ድረስ ግኝት አይባል።»

ፕሮፌሰሯ እያንዳንዷን ቃል ጻፉ። ሲጨርሱ ቀና ብለው በመነጽራቸው አናት ብዙ አዩዋት። ግድግዳው ላይ የነበሩት ሁለት ቁጥሮች ጠፉ፤ ሰውም ወንበሩን እየጎተተ ወጣ። እንኳን ደስ ያለሽ ያላት አንድ ሰው ብቻ ነው። ለየትኛው እንደሆነ አልገባትም።

ቢሮዋ ገብታ ፕሮፌሰሯን አስፈቅዳ አንቴናው የቀዳውን በሙሉ ለሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ ላከች። ምን እንዳየች፣ የቱ ጋ እንዳየች፣ አንድም አልጻፈችላቸውም። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግታ ወጣችና በር ላይ የሚጠብቃትን የኬብልን ክንድ ያዘች።