የተደፈነው የአየር ቀዳዳ

መርማሪው የተጠራው ሬሳው ከተቀበረ በኋላ ነው። የሥራ ጓደኞቹ «አይቸኩሌ» ይሉታል። የሕንፃው ባለቤት ቶሎ እንዲጨርስ ቢወተውተው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ አለፈው።

በመዝገብ ክፍሉ የሚሠሩት ሁለት እህትማማቾች ብቻ ነበሩ። ሁለቱም በሳንባ በሽታ ወደቁ፤ ታናሽዋ ተነሣች፣ ታላቋ አልተነሣችም። በጎረቤት ክፍሎች ግን ያስነጠሰ እንኳ የለም። ሕንፃው የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት ያለው ነው፤ በሽታ እንዳይዛመት ተብሎ የውስጥ አየር ጥራት ደረጃው ሲሻሻል በየክፍሉ ጣሪያ ንጹሕ አየር ማስገቢያ ተበጅቷል። የዚህ ክፍል ቀዳዳ በካርቶን ተደፍኖ ተገኘ። የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ደፍነሃል ተብሎ ሊታሰር ነው።

«እኔ አልደፈንኩትም፣ ጌታዬ፣» አለ ጥገና ሠራተኛው። «አየር ሲታፈን የሚያስጠነቅቀው መለኪያ ቀይ ሲያበራ ግን አይቻለሁ። የተበላሸ መስሎኝ ባትሪ ቀየርኩለት።»

«ጣሪያውን አላየህም?»

«ቀና አላልኩም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ረጅሙ የሕንፃ ንድፍ አውጪ ቀጠለ። «ቀዝቃዛ አየር አስገብቶ ማሞቅ ኤሌክትሪክ ይበላል ብዬ ተከራክሬ ነበር። ሆኖም ደረጃውን የጻፍኩት እኔው ነኝ!» ብሎ ከእህትማማቾቹ መደርደሪያ ደረጃው የታተመበትን ወፍራም ጥራዝ ስቦ ሰጠው። መርማሪው አላነበበውም፤ ሽፋኑን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ አየው።

ታናሽዋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ከቀብሩ ወዲህ ውስጧ ደንዝዟል። ባለ ቀጭን ታኮው ጫማዋ ደጋግሞ የላጠው ተረከዟ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ከካርቶኑ ሥር ሰበሰባቸው።

«ጥገና ሠራተኛው መሰላል አለው። ንድፍ አውጪው ወንበር ላይ ቢቆም ይደርሳል። በጥራዙ ሽፋን ላይ ግን የቀጭን ታኮ ምልክት አለ። ወንበር ላይ ጥራዝ ደርቦ የቆመው አጭር ሰው ነው። ካርቶኑ የተለጠፈውም በቁስል ፕላስተር ነው።»

ሁሉም የታናሽዋን ተረከዝ አዩ። እሷም የሌላ ሰው እግር ይመስል አየችው።

«ማን ደፈነው ብሎ የጠየቀኝ የለም፣» አለች። «እትዬ ብርድ አትችልም። አየሩ ማጅራቷ ላይ ነበር የሚወርደው። ለሷ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ያን ሰሞን ስስል የነበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።» ወደ ቀዳዳው ቀና አለች። «ታዲያ እኔ ነኝ የገደልኳት?»

አይቸኩሌ ጥራዙን ወደ መደርደሪያው መለሰው።

ጥገና ሠራተኛው ነጻ መውጣቱንም ረስቶ መሰላሉን አመጣና ካርቶኑን ገነጠለው። ቀዝቃዛው አየር በሟች ባዶ ወንበር ላይ ወረደ። ታናሽዋ ሄዳ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የሹራቧን ኮሌታ አላነሣችም።